ምሰሶውን የሚተክለው ማን ነው? ስለ ወሎ የሬዲዮ ሽፋን ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

በወሎ ተራራማ ወረዳዎች ስላለው የሬዲዮ ስርጭት ሰሞኑን የወጣ አንድ ጽሑፍ ወዳጆቼ ደጋግመው ልከውልኝ አነበብኩት። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ነው። የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ሸለቆው ውስጥ የማይሰሙት የማሰራጫዎቹ ኃይል ስላነሰ ነው፤ ደሴ ላይ ያለው 1 ኪሎ ዋት ወደ 10 ቢያድግ ችግሩ ይቃለላል። ይህ ባይሆንም ስልክ በየቤቱ ስለገባ ሬዲዮ ዘመኑ አልፎበታል። ጣቢያው የማንም ይሁን የማን አድማጭ ግድ የለውም፤ ስለዚህ ትንንሾቹን ጣቢያዎች በአንድ ትልቅ ድርጅት ሥር መጠቅለል ወጪ ይቆጥባል። የማህበረሰብ ሬዲዮም ተሞክሮ ታይቷል፣ አልሠራም። ወሎ ደግሞ በአየር ላይ ቦታ አጥቶ አያውቅም፤ ዘፈኑ ጠዋት ማታ ይሰማል። ከጽሑፉ ጋር የወጣው የሽፋን ካርታ ደሴን መሐል አድርጎ የተሣለ አንድ ትልቅ ክብ ነው።

ሬዲዮ እየጠገንኩ ልጆች ያሳደግኩ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጸሐፊው ሽፋንን የመሐንዲስ፣ ባለቤትነትን ደግሞ የሕግ ባለሙያ ጉዳይ አድርገው ለያይተው አይተውታል። በእኔ እምነት ሁለቱ አይነጣጠሉም። የማሰራጫ ምሰሶ የሚቆመው ወጪውን የሚሸፍነው ሰው ጥቅሜ ነው ብሎ በሚያስብበት ቦታ ነው፤ ሸለቆው የማይሰማውም ጥቅሜ ነው የሚለው ባለቤት ስላላገኘ ነው።

ከኪሎ ዋቱ ልጀምር። ኤፍ ኤም የሚሠራው ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው መስመር ላይ ነው። በ100 ሜጋ ኸርዝ የአንዲት ሞገድ ርዝመት 3 ሜትር ብቻ ነው። እንዲህ ያለች ሞገድ ተራራ ዞራ ለማለፍ አቅም የላትም፤ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ጋራ ሲገጥማት ከጋራው ጀርባ ያለው ሁሉ ጥላ ውስጥ ይቀራል። መካከለኛ ሞገድ በ1000 ኪሎ ኸርዝ ላይ 300 ሜትር ስለሚረዝም የመሬቱን ገጽ እየተከተለ ኮረብታውን ያልፋል። አጭር ሞገድ የምንለው ደግሞ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ነጥሮ ይመለሳል፤ ከላይ ለሚመጣ ነገር ገደል አጥር አይሆንበትም። የጀርመን ድምፅ ሬዲዮ በአጭር ሞገድ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በበሽሎ ሸለቆ ያለ ገበሬ ከጀርመን አገር የሚነገረውን ሰምቶ ከደሴ የሚነገረውን ሳይሰማ የሚያድረው በዚህ ምክንያት ነው።

የኤፍ ኤም አድማስ የሚገመትባት ቀላል ስሌት አለች። የምሰሶው ጫፍ ከአካባቢው ሜዳ በላይ ያለው ከፍታ በሜትር ይወሰዳል፣ ስኩዌር ሩቱ ይወጣል፣ በ4.12 ይባዛል፤ የሚገኘው ርቀት በኪሎ ሜትር ነው። 100 ሜትር ከፍታ 41 ኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ 900 ሜትር ከፍታ 124 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጣል። በዚህች ስሌት ውስጥ ኪሎ ዋት የሚባል ነገር አልገባም። ስሌቱም የሚሠራው መሬቱ ሜዳ ሲሆን ነው።

የወሎ መሬት ሜዳ አለመሆኑን ደግሞ ጸሐፊው አይስቱትም። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ተወሽቃ በ2500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብለናል። በሌላው አቅጣጫ ከኩታበር ወዲያ በሽሎ አለ፤ ከደላንታ አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ቁልቁለት ከ1000 ሜትር ይበልጣል። ወደ ሰሜን አቡነ ዮሴፍ ከ4200 ሜትር በላይ ቆሟል፤ ወደ ደቡብ ምዕራብ አምባ ፈሪት 4000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በእንዲህ ያለ አገር አንድ ጋራ ከሞገዱ ጉልበት ላይ የሚቀንሰው ከመቶ እጥፍ እስከ ሺህ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ከ1 ወደ 10 ኪሎ ዋት ማደግ ግን አሥር እጥፍ ብቻ ነው። ማሰራጫው 10 ኪሎ ዋት ወደ አየር ለመልቀቅ ከመብራት መስመሩ 15 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚስብ ወርኃዊ ሂሳቡን አስቡት። ይህ ሁሉ ወጪ ወጥቶ የሚጠቀመው ድሮም ሲሰማ የነበረው ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ይበልጥ ጥርት ብሎ ይሰማሉ፤ ሸለቆው ላም አለኝ በሰማይ እንዳለ ይቀራል።

በደላንታ አፋፍ ሥር በምትገኝ አንዲት መንደር አንድ አባወራ ሬዲዮናቸው እንዲስብ ብለው ከቤታቸው ጣራ እስከ ባሕር ዛፍ ጫፍ የመዳብ ሽቦ ዘርግተው አይቻለሁ። ሽቦው ለአጭር ሞገድ ግሩም ነው፤ የጀርመኑን ጣቢያ ጎረቤት እስኪሰማ ያስጮኸዋል። ለኤፍ ኤም ግን አይፈይድም። ለ3 ሜትር ሞገድ 75 ሳንቲ ሜትር ዘንግ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሽቦ ቢቀጠል ጥላ ውስጥ ያለውን ቤት ከጥላው አያወጣውም። መላውን ያገኘው ልጃቸው ነው። አመሻሽ ላይ ባለ ቁልፍ ስልኩን ይዞ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ወደ አፋፉ ይወጣና ከአንዲት ቋጥኝ ላይ ይቆማል። እዚያ ላይ የደሴው ጣቢያ ኩልል ብሎ ይሰማል። ከቋጥኟ ሁለት እርምጃ ወረድ ሲል ሽርርር ብቻ ነው። የጆሮ ማዳመጫው ገመድ የስልኩ አንቴና እንደሆነ ማንም አልነገረውም፤ ሲነቅለው ድምፁ ሲጠፋ አይቶ ነው የደረሰበት።

ጥናት ከተባለ ይህ ልጅ ያደረገው ጥናት ነው። ቋጥኟ ላይ ከደሴ ተቀብላ ወደ ሸለቆው የምታቀብል 100 ዋት ማሰራጫ ብትቀመጥ የመንደሩ ሰው ሁሉ ከቤቱ ሳይወጣ ይሰማል። እንዲህ ያለች ማሰራጫ የምትስበው ኤሌክትሪክ 200 ዋት ገደማ ነው። በቀን ጠዋትና ማታ ተደምሮ 6 ሰዓት ብትሠራ 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ጥቂት የፀሐይ ሰሌዳዎችና ደህና ባትሪ ይሸከሙታል። ቀላል ነው አልልም። ሐምሌና ነሐሴ ጉም ሲውል ሲያድር ፀሐይ ስለማትገኝ ባትሪው ሰፋ ማለት አለበት። ከፍታ ላይ የቆመ ብረት መብረቅ ይጠራልና የመሬት ገመዱ በጥንቃቄ ካልተቀበረ አንድ ክረምት አይሻገርም። የምታቀብልበትም መስመር ከተቀበለችበት የተለየ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የራሷን ድምፅ መልሳ እየዋጠች ትንጫጫለች። ግን ዕቃው በቅሎ የሚጫነው ነው። አፄ ቴዎድሮስ 70 ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በጅጣና በበሽሎ ገደል አሻግረው መቅደላ ላይ ባወጡበት አገር፣ በ1860 ዓ.ም. የተቻለው ዛሬ ለአንድ የበቅሎ ጭነት አቃተን ማለት ያሳፍራል።

ጸሐፊው ብዙ ትንንሽ ማሰራጫ ከተተከለ የሞገድ መስመር ይጣበባል ብለው ይሰጋሉ። በሜዳ አገር ቢሆን ልክ ነበሩ። እዚህ ግን ሞገዱን የሚያግደው ጋራ ራሱ አጥር ስለሆነ በአንዱ ሸለቆ የተሠራበትን መስመር ከጋራው ማዶ ባለው ሸለቆ ደግሞ መጠቀም ይቻላል፤ ሁለቱ አይጋጩም። ተራራው ለእኛ የሚሠራበት አንድ ቦታ ቢኖር ይህ ነው። ሌላም በነፃ የሚገኝ መሻሻል አለ። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለገጠር በሚመክረው ልክ በሁለት ድምፅ የሚሄደው ስቴሪዮ ስርጭት 54 ዴሲቤል የሞገድ ጥንካሬ ሲጠይቅ በአንድ ድምፅ የሚሄደው ሞኖ 48 ይበቃዋል። ለዜናና ለውይይት ስቴሪዮ ምን ያደርጋል? አብዛኛው አድማጭ የያዘው ባለ አንድ ድምፅ ማጉያ ሬዲዮ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ በመጫን የሚገኝ ሽፋን እያለ የትልቅ ማሰራጫ ጨረታ ማሰብ ለምን እንደሚቀድም አይገባኝም።

ስለ ስልኩ ረጅም መልስ አያስፈልግም። የስልክ ሞገድ ከኤፍ ኤምም ያጠረ ነው፤ በ900 ሜጋ ኸርዝ 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ኤፍ ኤምን ያገደ ጋራ እሱንም ያግደዋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሰሜን ወሎ መብራትና ስልክ ለወራት ጠፍቶ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። እነዚያን ወራት ያሳለፈ ሰው ስልክ ሬዲዮን ተክቶታል ሲባል ይገርመዋል። ጸሐፊው ልብ ያላሉት ሌላ ነገርም አለ። ድሮ በየቤቱ የነበረው ባለ ሦስት ባንድ ሬዲዮ አጭር ሞገድ ይስባል፤ ድንጋይ ብቻ ይብቃው እንጂ ዓለምን ያመጣል። ዛሬ የተተካው ባለ ቁልፍ ስልክ ያለው ኤፍ ኤም ብቻ ነው። ሸለቆው አሮጌውን ሬዲዮ ጥሎ ስልክ ሲይዝ ከሩቅ ይመጣለት የነበረውን አጥቶ ከቅርቡም አልደረሰም። ስለዚህ ስልኩ መብዛቱ የኤፍ ኤም ምሰሶን አስፈላጊነት አሳደገው እንጂ አልቀነሰውም።

ወደ ባለቤትነቱ ልምጣ፤ ጸሐፊው በሁለት አንቀጽ ያለፉት እዚህ ላይ ነው። ገበሬው ሬዲዮ ሲከፍት የባለቤቱን ስም አይጠይቅም ይላሉ። ስሙን አለመጠየቁ እውነት ነው። ለውጡን አይሰማውም ማለት ግን ታሪኩን መርሳት ነው። ብስራተ ወንጌል ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ሲሰማ የነበረ የሉተራን ቤተ ክርስቲያናት ጣቢያ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። ምሰሶው ከቦታው አልተነቃነቀም፣ ማሰራጫው ያው ነው፣ ኪሎ ዋቱም ያው ነው። የተለወጠው ባለቤቱ ነው። በዚያ ዘመን የኖረን አድማጭ ልዩነት ሰምተህ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ነው።

ዛሬ ደሴ ላይ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን 87.9 ላይ ኤፍ ኤም አለው፤ ፋናም በከተማዋ ጣቢያ አለው። ሁለቱም የሚሠሩትን ሥራ አላናንቅም፤ የሚያገለግሉት ሕዝብም ብዙ ነው። ነገር ግን ዋና መሥሪያ ቤቶቻቸው ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ናቸው፤ ለምሰሶ የሚሆነውም በጀት እዚያው ይወሰናል። ውሳኔው ላይ የሚቀመጠው ሰው ከፊቱ ሁለት ጥያቄ ይኖረዋል፦ ማስታወቂያ የሚያስነግረው ማንን ለመድረስ ነው? ሪፖርት ላይ የሚጻፈውስ ምንድን ነው? ባንኩ፣ የሳሙና ፋብሪካውና የቆርቆሮ አከፋፋዩ የሚከፍሉት ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለወልድያ ጆሮ ነው። በበሽሎ ዳርቻ ላለ ጆሮ የሚከፍል የለም። ለሪፖርቱም ቢሆን የወረዳዋ ከተማ ከሰማች ወረዳዋ ተሸፈነች ብሎ መጻፍ ይቀላል። በዚህ ውስጥ ክፉ ሰው አልፈልግም፤ እኔም ወንበሩ ላይ ብቀመጥ እንደዚያው ሳላደርግ አልቀርም። ምሰሶውን አፋፉ ላይ የሚተክለው ከአፋፉ ሥር የሚኖር ሰው በውሳኔው ውስጥ ሲኖር ብቻ ነው።

መጠቅለል ወጪ ይቆጥባል ለሚለውም፣ የሚቆጠበው የማን ወጪ ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ጣቢያዎች ሲጠቃለሉ የዋና መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አይቀነስም፤ የሚቀነሰው ደላንታ ውስጥ ወገልጤና ላይ የተቀመጠው ዘጋቢ ነው። ኦፓል የሚባለውን የወገልጤናን የከበረ ድንጋይ ውሰዱ። በደላንታ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ወጣቱ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ይቆፍራል። የድንጋዩን ዋጋ የሚነግረው ደላላው ነው፤ ደላላው ያለው ዋጋ ዋጋ ይሆናል። አንድ የአካባቢ ጣቢያ በየሳምንቱ አዲስ አበባ ላይ የትኛው ጥራት በስንት እንደተሸጠ ቢናገር፣ የትኛው ጉድጓድ አፉ እንደተሰነጠቀ ቢያስጠነቅቅ፣ የአንድ ወረዳን ገቢና የስንት ሰው ሕይወት እንደሚነካ አስቡት። ለትልቁ ድርጅት ግን ይህ የአንድ ወረዳ ወሬ ነው፤ ለመላው ክልል በሚተላለፍ ሰዓት ውስጥ አይገባም። በልግም እንዲሁ ነው። የወሎ ደጋ በልግ ጠባቂ ነው። የካቲት ላይ ዝናቡ ሲዘገይ ገብስ ይዘራ ወይስ ይቆይ የሚለው ምክር ለጎጃም አድማጭ ትርጉም የለውም፤ ለዋድላና ለመቄት ግን የዓመት እንጀራ ነው።

አንድ ትልቅ ምሰሶ፣ አንድ ትልቅ ባለቤት የሚለው ሐሳብ ሌላም አደጋ አለው፤ እሱን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው ነበር። ሁሉ ነገር በአንድ ከተማ ላይ ሲንጠለጠል ከተማዋ ስትያዝ ዙሪያው ሁሉ ጸጥ ይላል።

የማህበረሰብ ሬዲዮ አልሠራም ለሚለው ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። በአገራችን ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብረው ያለቁ ጣቢያዎች አሉ። ማሰራጫው ሲቃጠል መለዋወጫ የሚገዛ ጠፍቶ ወራት ዝም የሚሉም አሉ። የቦርዱ ሰብሳቢ የወረዳው ባለሥልጣን ሲሆን ደግሞ ጣቢያው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሆኖ ቁጭ ይላል። ይህን ሁሉ አልክድም። ግን የወደቀው ምንድን ነው? በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ብሮድካስትን የሕዝብ፣ የንግድና የማህበረሰብ ብሎ ሲከፍል፣ የማህበረሰቡ ለትርፍ ያልቆመ፣ በማህበረሰቡ ፍላጎት የሚመራ መሆን እንዳለበት ደንግጓል። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1238 ሲተካም ማህበረሰቡ ቦታውን አላጣም። ለጋሽ ገዝቶ፣ ባለሥልጣን መርቶ፣ ማህበረሰቡ ሪባን ሲቆረጥ ብቻ ያጨበጨበበት ጣቢያ ሲዘጋ የከሸፈው ማህበረሰቡ አይደለም፤ ማህበረሰቡ መቼ ያዘውና?

ወሎ ባለቤትነት እንዴት እንደሚያዝ ከማንም አይማርም፤ ሌላው እድር የሚለው ቅሬ አለው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ባንድ ቅሬ ተሰባስቦ በየወሩ ያዋጣል፤ ድንኳኑን፣ ብረት ድስቱን፣ አግዳሚ ወንበሩን ይገዛል፤ የተሰበረውን ያስጠግናል፤ ያልከፈለውን ይቀጣል፤ መዝገቡን በአደባባይ ያነባል። ለዚህ ሁሉ ፕሮጀክት አልተጻፈም፣ አማካሪ አልተቀጠረም። የአንድ ሸለቆ ቅሬዎች ተባብረው ምሰሶውንና ባትሪውን በስማቸው ቢይዙት፣ ለጥበቃው ተራ ቢገቡ፣ ጠጋኝም በዓመት ሁለቴ ቢያስመጡ፣ ለጋሽ ሄደም መጣም ዕቃው ባለቤት አለው። ፕሮግራሙን ለመሥራት ደግሞ ሁለት የተማሩ ልጆች ተቀጥረው ቢከፈላቸው ይበቃል። ለቦርዱ የማቀርበው አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ፤ ከወረዳው ካቢኔ ማንም አይግባ። እንግዳ ሆኖ ይምጣ፣ ይጠየቅ፣ መልስ ይስጥ፣ ይሂድ።

ዘፈኑን በተመለከተ አጭር ነኝ። ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል በእኛ አገር ስም መጠራታቸው ደስ ይለኛል። የአምባሰል ቅኝት በአየር ላይ ዋለ ማለት ግን የአምባሰል ገበሬ በአየር ላይ ዋለ ማለት አይደለም። ከሚሴ ያለው ኦሮሞና አርጎባውስ በራሱ ቋንቋ ስለ ራሱ ገበያ ስንት ደቂቃ ይሰማል? ጽሑፉ ስለዚህ ምንም አላለም።

የቀረው ካርታው ነው። ደሴን መሐል አድርጎ በኮምፓስ የተሣለ ክብ ለጎዴ ሜዳ ሊሆን ይችላል፤ ለወሎ ግን ሞገዱን ሳይሆን የሣዩን ምኞት ነው የሚያሳየው። የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ፈቃድ ሲሰጥም ሲያድስም ከጣቢያዎች መጠየቅ ያለበት በእግር የተለካ ካርታ ነው። መለኪያው ውድ አይደለም፤ ሠራተኛውና የበቅሎው ኪራይ ይበልጠዋል። ጸሐፊው ፈቃደኛ ከሆኑ አብረን እንለካ። ከኩታበር ተነስተን ወደ በሽሎ እንውረድ፤ ወንዙ ዳር ቆመን እንመዝግብ፤ ወደ ደላንታ ስንወጣ በየቀበሌው እናንብብ፤ ከዚያ ወደ ጅጣ። 48 ዴሲቤል የተገኘበትን ነጥብ በአረንጓዴ፣ ያልተገኘበትን በቀይ ቀለም ቀብተን ከክባቸው ጎን እናውጣው። ወጪውን እኩል እንካፈላለን፤ መለኪያውን ከእኔ ሱቅ አመጣለሁ።